የኋላ እግሯ የሚያመልጥ ሙስታንግ፣ የሚቆረጥ ሞላና የተበየደ ባሌስትራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ዓምድ

በዚህ ወር ሦስት ጥያቄዎችን መርጫለሁ። ሁለቱ ከደሴ ናቸው፣ አንዱ ከኮምቦልቻ። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ የኋላ እግር ነው። የመጀመሪያው ሰፊ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ እሄድበታለሁ፣ ሌሎቹ አጠር ይላሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው የ1967 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ አለኝ፣ ሞተሩ 289 ቪ8 ነው። ሞተሩን አሠርቻለሁ፣ ቀለሙም አልቋል። አሁን የቀረኝ የኋላ እግሩ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ኩርባዎች ላይ ኋላው ያመልጠኛል። ኩርባው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ወደ ጎን ይዘላል። ከቆምኩበት ነዳጅ ጠበቅ አድርጌ ስሰጠው የኋላ ጎማው ይንጣጣል። አንድ ባሌስትራ ሠሪ “ከአይሱዙ አንድ ብረት እንጨምርበት፣ ከኋላም ከፍ እናድርገው፣ ቀጥ ይልልሃል” አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ “የኋላ ስታብላይዘር አስመጣ” ይለኛል። የቱን ልስማ? መኪናውን ለጌጥ ማቆም አልፈልግም፣ መንዳት ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈጣሪ አባትህን ይማርልህ። መንዳት መፈለግህ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲዝግ ማየት ያማል።

ለጊዜው ሁለቱንም ምክር አቆይ። የአይሱዙው ብረትም፣ የኋላ ስታብላይዘሩም (ግራና ቀኙን እግር አያይዞ ማጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ) አሁን ያለብህን ችግር ያባብሱታል። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ምክንያቱ አንዴ ከገባህ ጋራዥ ውስጥ ማንም አያደናግርህም።

የሙስታንግ የኋላ እግር አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ድፍን አክስል አለ፣ ዲፈረንሻሉ መሃሉ ላይ ነው። አክስሉ ግራና ቀኝ በሁለት ባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ ቀስት መሰል ብረቶች፣ ላይ ተቀምጦ በዩ ቦልት ታስሯል። የባሌስትራው የፊት ጫፍ ቡሽ (ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚገባ ጎማ) ገብቶበት በቡሎን ቦዲው ላይ ይታሰራል። የኋላው ጫፍ ደግሞ በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ተይዟል፤ ባሌስትራው ሲተኛ ርዝመቱ ስለሚጨምር ማንጠልጠያው ቦታ ይሰጠዋል። በቃ። ሌላ ዘንግ የለም፣ ሌላ ክንድ የለም። ስለዚህ ባሌስትራው ሁለት ሥራ አለበት። ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉንም ቦታው ላይ ይይዛል። ይሄን ሁለተኛውን ሥራ ያዝልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ባሌስትራ ሲባል የሚያስበው ክብደቱን ብቻ ነው።

አንተ የጻፍካቸው ምልክቶች በሙሉ የሁለተኛው ሥራ ምልክቶች ናቸው። መኪናው ከኋላ ተኝቷል አላልክም። ሰው ሲጫን ይነካል አላልክም። ያልከው ወደ ጎን ይዘላል፣ ያመልጠኛል፣ ይንጣጣል ነው። ይህ አክስሉ ቦታውን እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ቡሹ የፋብሪካው ከሆነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ወይ ተበልቶ አልቋል። ቡሹ ሲያልቅ አክስሉ በአንድ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም፣ ግን አክስሉ በአንድ በኩል ብቻ ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላ ጎማዎቹ መሪ ዞሮላቸዋል ማለት ነው። አንተ የፊቱን ትመራለህ፣ ኋላው ራሱን ይመራል።

መንጣጣቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ነዳጅ ስትሰጥ ጎማው ወደ ፊት ሲዞር ዲፈረንሻሉ በተቃራኒው አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል። ባሌስትራው ከአክስሉ ፊት ወደ ላይ፣ ከአክስሉ ኋላ ወደ ታች ይጣመማል። ጎማው መያዙን ሲለቅ ባሌስትራው ይፈታል፣ ጎማው መልሶ ይነክሳል፣ ባሌስትራው እንደገና ይጣመማል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ ነገር ተቸግረዋል። የ1967ቷ ሸቭሮሌት ካማሮ የወጣችው ባለ አንድ ብረት ባሌስትራ ይዛ ነበር፣ መንጣጣቷም ብዙ አስወራባት። በ1968 አንዱን ሾክ ከአክስሉ ፊት፣ ሌላውን ከአክስሉ ኋላ አድርገው አሰሩት፤ ጉልበት ላላቸው ሞዴሎችም ብዙ ብረት ያለው ባሌስትራ ሰጧቸው። የክራይስለር መሐንዲሶች ደግሞ የባሌስትራውን የፊት ክፍል አሳጥረው አጠነከሩት። ሁሉም የታገሉት አንድ ነገር ለማስቆም ነው፣ የአክስሉን መጣመም።

አሁን ወደ አይሱዙው ብረት። የአንድ ባሌስትራ ብረት ጥንካሬ ውፍረቱ በጨመረ ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ በጣም ይፈጥናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። 10 በመቶ ብቻ ሲወፍር እንኳ 33 በመቶ ይጠነክራል። አይሱዙ በቶን የሚጭን መኪና ነው፣ ብረቱም ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። ከሙስታንግህ ቀጫጭን ብረቶች ጋር ስታስረው ኋላው ድርቅ ይላል። ደረቅ ኋላ ደግሞ ጉድጓድ ሲያገኝ አይተጣጠፍም፣ ይነሳል። መሬት የለቀቀ ጎማ ምንም አይዝም። ባሌስትራ ሠሪውን አትቆጣው። በኛ አገር የሚመጣለት ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ነው፣ ለጭነት ደግሞ ብረት መጨመር ትክክለኛ መልስ ነው። ያንተ መኪና ጭነት የለበትም፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ከኋላ ከፍ ማድረጉ ይብሳል። ሲታይ እንደሚያምር አውቃለሁ፣ በዚያን ዘመን አሜሪካም ብዙ ወጣት ረጅም ማንጠልጠያ እያስገባ ያደርገው ነበር። ግን መኪናው ከኋላ ሲነሳ የባሌስትራው የፊት ቡሎን ከአክስሉ በላይ ከፍ ይላል። እንዲህ ሆነህ ኩርባ ግባ። መኪናው ያጋድላል። በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ላይ ሲገባ ወደ ኋላ ይገፋል፣ በውስጥ በኩል ያለው ወደ ታች ሲወርድ ወደ ፊት ይሳባል፣ አክስሉ በሙሉ ከኩርባው ወደ ውጭ ይዞራል። ያ የምትፈራው ማምለጥ ማለት ነው፣ በገዛ ገንዘብህ ገዝተኸው። በዚያ ላይ የፊት እግሩ ካስተር፣ ማለትም መሪው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ወደ ኋላ ማዘንበሉ፣ ይቀንሳል፣ መሪው ይቀልልሃል፣ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይተዋል።

የጓደኛህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፣ ጊዜው አልደረሰም እንጂ። ስታብላይዘር ማጋደልን ይቀንሳል። ነገር ግን የኋላው ሲጠነክር ኩርባ ላይ የውጩን የኋላ ጎማ ከመጠን በላይ ይጭነዋል፣ ኋላው ቶሎ ይለቃል። የ1967ቱ ሙስታንግ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታብላይዘሩ ከፊት ብቻ ነበር። ክረምት ላይ ሐረጎ ጭጋግ ለብሶ፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ከፊትህ ሲኖትራክ እየተሳበ ሲወርድ አስበው፤ እዚያ ላይ የምትፈልገው ቀድሞ የፊቱ የሚለቅ መኪና ነው። የፊት ሲለቅ ነዳጅ ትለቃለህ፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ መኪናው ይመለሳል። የኋላ ሲለቅ ግን ይህን ለማድረግ ጊዜ የለህም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመለካት እንጀምር። ለዚህ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ወለል ያስፈልግሃል፣ ሆጤ አካባቢ ካጣህ ኮምቦልቻ ውረድ። ሜትር ያዝ። በእያንዳንዱ በኩል ከባሌስትራው የፊት ቡሎን መሃል እስከ አክስሉ መሃል ለካ። ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ አክስሉ ሸሽቷል፣ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ የተቆረጠ የመሃል ቡሎን ነው። የመሃል ቡሎኑ ራስ አክስሉ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ሲቆረጥ አክስሉን የሚይዘው የዩ ቦልቱ ጭመቃ ብቻ ይሆናል፣ ጭመቃው ሲላላ ይንሸራተታል። ከዚያ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጉ ጠርዝ ለካ፣ በአንድ በኩል የተኛ እንደሆነ ያሳይሃል።

ቀጥሎ ካቻቢቴ ይዘህ ከስር ግባ። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ስር እንዳትገባ፣ ጠንካራ መቆሚያ አድርግበት፣ በዚህ ቀልድ የለም። ሙስታንግ እንደ ላንድክሩዘር የተለየ ሻንሲ የላትም፣ ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲዋ። የባሌስትራው የፊት ቡሎን የሚገባበትን ቦታና የኋላው ማንጠልጠያ የታሰረበትን ጨረር በካቻቢቴው ጫፍ ጠንከር አድርገህ ውጋ። ቀለም ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ ከስሩ ግን የበሰበሰ ላሜራ ሊኖር ይችላል። ካቻቢቴው ከገባ ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ባትላሜራ ጋ ሂድ። የበሰበሰ ቦዲ ላይ አዲስ ቡሽ ማሰር ብር መበተን ነው።

ብረቱ ደህና ከሆነ ቡሾቹን በሙሉ ቀይር። ሁሉንም፣ የፊቱንም የማንጠልጠያውንም፣ በሁለቱም በኩል። ደሴ መደርደሪያ ላይ አታገኘውም፤ ግን ቡሽና ሾክ ቀላል ዕቃ ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣልህ ይችላል። ለሙስታንግ የሚሠራ መለዋወጫ ዛሬም አሜሪካ እንደልብ ይሸጣል። “ፖሊዩሬታን (ጠጠር ያለ ፕላስቲክ መሰል ቡሽ) ነው የሚሻለው” የሚል ሻጭ ያጋጥምሃል። እኔ ለኛ መንገድ የጎማውን ቡሽ እመርጣለሁ። መኪናው ሲያጋድል ባሌስትራው ይጠመዘዛል፣ የጎማ ቡሽ ይህን ጥምዘዛ ይቀበላል። ፖሊዩሬታን እምቢ ይላል፣ ይጮሃል፣ ግራሶ ይለምናል።

አሁን እዚህ ጋ ልብ በል፣ ብዙ ጋራዥ ይሄን ይስታል። ቡሎኖቹን መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቅ። ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገባ። መኪናውን በጎማው ላይ አቁመው፣ ከኋላ ጫን ጫን አድርገህ እንዲቀመጥ አድርግ፣ ከዚያ ነው የሚጠብቀው። የጎማ ቡሽ በውስጡ ያለው ብረት ከተጠበቀ በኋላ አይዞርም፤ እንቅስቃሴው ሁሉ በጎማው መጠምዘዝ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው መኪናው መሬት ሲነካ ቡሹ ተጠምዞ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ ተጠምዞ ይኖራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ዩ ቦልቶቹን አዲስ ግዛ፣ ዳዶዎቹንም ጭምር። በመስቀል አጥብቃቸው፣ ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ እንደገና አጥብቃቸው፣ ይላላሉና።

ሾኩን አብረህ ቀይር። የሙስታንግ የኋላ ሾክ የላይኛው ዳዶ ያለው የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ ምንጣፉን ገልጠህ ታየዋለህ። እዚያ ያለው ላስቲክ ዋሸር ካለቀ አዲስ ሾክም ይንኳኳል፣ ሰውም ሾኩን ይሳደባል። ለኛ መንገድ መጠነኛ ጥንካሬ ያለው የጋዝ ሾክ ምረጥ። የእሽቅድምድም ሾክ አትግዛ።

ጎማህን ሳልጠይቅ አላልፍም። በዘመኑ ይመጣ የነበረው ባያስ ጎማ (የውስጥ ክሮቹ በሰያፍ የተጠላለፉ) ነው፤ ራዲያል (ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱ) ያላደረግህ እንደሆነ ከላይ ካልኩት ሁሉ በፊት ራዲያል አድርግ። ልዩነቱ በአንድ ኩርባ ይታወቅሃል። ዕድሜውንም እይ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል፤ 3519 ከሆነ በ2019 (በፈረንጆቹ) 35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ ሳሙና ነው።

ከዚህ በኋላ ንዳው። ያንኑ መንገድ፣ በልክ ፍጥነት። አብዛኛው ችግርህ እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ አምናለሁ። ባሌስትራው ራሱ ተኝቶ ከተገኘ ብቻ ቅስቱን አስመልስ። በመዶሻ ብቻ የተመለሰ ቅስት ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል፤ ሙቀት ሰጥቶ፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ መልሶ የሚያለዝብ ባለሙያ ፈልግ፣ የፋብሪካውንም ቁመት እንጂ ሌላ እንዳይሰጥህ ንገረው። ቁመቱ ሲለወጥ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫም ይለወጣል። በባሌስትራ የሚሄድ መኪና ላይ አፍንጫው ከሻፍቱ አንጻር 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ታች ቢያይ ጥሩ ነው፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ላይ ስለሚነሳ። ያለበለዚያ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውም (የሻፍቱ መስቀል መጋጠሚያ) ቶሎ ያልቃል።

መንጣጣቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልጠፋ መከላከያ ዘንግ አለ። ከባሌስትራው ስር ከአክስሉ ጋር ይታሰራል፣ የፊት ጫፉ ላይ ጎማ አለው፣ ባሌስትራው ሊጣመም ሲል ጎማው ከፊት ቡሽ ስር ይደገፍና ያስቆመዋል። አሜሪካዊው የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ካሮል ሼልቢ በ1965 ሙስታንግን ጂቲ350 ወደተባለች የስፖርት መኪና ሲቀይራት የአክስሉን መጣመም የሚከለክል ዘንግ አስገብቶላታል፣ ኮኒ ሾክም አድርጎላታል። ከፊት ደግሞ የላይኛውን ክንድ ማሰሪያ 1 ኢንች ያህል ዝቅ አደረገ፣ መኪናዋ ስታጋድል የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም። ያንን የፊቱን ሥራ ትክክለኛ ልኬት ሳትይዝ እንዳትሞክረው፣ የተበሳ ቀዳዳ ወደ ኋላ አይመለስም። ከፊት ወፈር ያለ ስታብላይዘር ግን ማንም መካኒክ ያስርልሃል። እሱን አስረህ፣ ነድተህ፣ አሁንም ፊቱ ብቻ ነው የሚለቀው ካልክ ያኔ ስለ ጓደኛህ የኋላ ስታብላይዘር እናወራለን፣ ቀጭኑን።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። የ1967 ሙስታንግ ተጨማሪ ተከፍሎበት ዲስክ ካልተደረገለት የፊት ፍሬኑም ከበሮ ነው። ከበሮ ፍሬን ሲግል መያዙ ይቀንሳል። በትንሽ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን እየነካህ ልቀቀው እንጂ ተጭነኸው አትውረድ። ኩርባ ላይ ፍሬን ይዘህ መግባት ክብደቱን ከኋላ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ቀልሎ የቀረ ኋላ ደግሞ የትኛውም ባሌስትራ አይዘውም። ከኩርባው በፊት ጨርስ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከኮምቦልቻ ነው። የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ የቤት መኪና። ወጣቶቹ ልጆቼ “የኋላ ሞላዋን አንድ ዙር አስቆርጠን ዝቅ እናድርጋት፣ መንገድም ትይዛለች” ይሉኛል። እኔ ደግሞ ትልቅ መኪና ሲያልፈኝ ወደ ጎን ትገፋለች፣ ወደ ሐይቅ ቤተሰብ ጭኜ ስሄድ ከኋላ ትነካለች። ሞላውን ማስቆረጥ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም አባቴ፣ እባክዎ አያስቆርጡ።

የእርስዎ ዲኤክስ ባሌስትራ የላትም። ባሌስትራ ያለው የዚያው ዘመን ስቴሽን ዋገኑ ነው። የቤት መኪናዋ ድፍን አክስል አላት፣ ክብደቱን ሁለት ሞላ ይሸከማል፣ አክስሉን ደግሞ አራት ዘንጎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዙታል፣ አንድ አግድም ዘንግ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል። ጥሩ አሠራር ነው። በመንዳት ደስታዋ ስሟ የገነነው የ1980ዎቹ ኮሮላ ኤኢ86 ራሷ በዚሁ ዓይነት የኋላ እግር ነው የምትሄደው። ስለዚህ መኪናዎ መንገድ ለመያዝ አዲስ ነገር አያስፈልጋትም፣ የነበራት ቢመለስላት ይበቃታል።

ትልቅ መኪና ሲያልፍ ወደ ጎን የምትገፋው ከአግድሙ ዘንግ ይመስለኛል። ጫፍና ጫፉ ላይ ቡሽ አለ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መኪናዋን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፋት፣ እርስዎ ከጎን ዝቅ ብለው ዘንጉን ይመልከቱ። ቦዲው ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ወይም ቡሎኑ ቀጭ ካለ ቡሹ አልቋል። ይህ ርካሽ ዕቃ ነው። የአራቱን ዘንጎች ቡሾች አብረው ያስቀይሩ፣ ከላይ ለሙስታንጉ ባለቤት እንዳልኩት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እያለች ይጥበቅ።

የሞላውን ነገር ለልጆችዎ እንዲህ ይንገሯቸው። ሞላ ሲቆረጥ ያጥራል ብቻ ሳይሆን ይጠነክራል፣ ምክንያቱም የሚሠሩት ዙሮች ቀነሱ። የቀረው መንቀሳቀሻም ያንሳል። አሁን በሙሉ ጭነት የምትነካ መኪና ያኔ ባዶዋን ትነካለች። ደግሞ የኋላ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል አጭሩ ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ ጉድጓድ ዘላ ስታርፍ ሞላው ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል ማለት ነው። በእሳት የተቆረጠ ከሆነ ጫፉ ጥንካሬውን ያጣል፣ እዚያ ጋ ይሰበራል። አግድሙ ዘንግም አለ፤ መኪናዋ ዝቅ ስትል ዘንጉ ስለሚተኛ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፣ የአንዱ በኩል ጎማ ወደ ፓራፋንጉ ይጠጋል።

ቤተሰብ ጭነው ሲሄዱ የምትነካው ሞላዎቹ ስለደከሙ ይሆናል። ከፋብሪካው ልክ ጋር እኩል የሆነ ጥንድ ሞላ ይፈልጉ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ። ከዲኤክስ ላይ የወረደ አሮጌ ሞላ አይግዙ፣ እሱም እንደርስዎ ሞላ የደከመ ነው። ሾኩንም ያስፈትሹ፤ ኋላዋን ተጭነው ሲለቁ አንዴ ተነስታ መቆም አለባት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች ሾኩ የለም ማለት ነው። ልጆችዎ አሁንም ማሳመር ከፈለጉ ቸርኬውን ይቀይሩላት፣ በእሱ አልጣላም።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ከሸዋ በር ነው የምጽፈው። በቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ እህል እያመላለስኩ እሠራለሁ። የቀኝ ባሌስትራ ዋናው ብረት ተሰብሮ ጋራዥ በየዱልኝ። ብየዳው ያምራል፣ ግን እፈራዋለሁ። ልንዳው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ዛሬውኑ አውጪው።

የባሌስትራ ብረት እንደ በር ብረት አይደለም። ካርቦን የበዛበት፣ በሙቀት ተሠርቶ እንዲተጣጠፍ የተደረገ ብረት ነው። ብየዳ ሲያርፍበት ከስፌቱ ጎን ያለው ብረት ግሎ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ስፌቱ ራሱ ይጠነክር ይሆናል፣ ከጎኑ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከላይ አይታይም። ያንቺ ደግሞ ዋናው ብረት ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩት እሱ ነው። ሌሎቹ ቢሰበሩ መኪናው ይተኛል፣ ዋናው ከተሰበረ ግን አክስሉ ሊሸሽ ይችላል፣ ጭነት ይዘሽ ቁልቁለት ላይ ከሆንሽ መኪናው መንገድ ይለቃል።

ዋናውን ብረት ብቻ በአዲስ ማስለወጥ ይቻላል፣ ባሌስትራውን በሙሉ መግዛት የለብሽም። ለሃይሉክስ ብረቱ ይገኛል። የግራውንም ቁመት ያስለኪ፤ ቀኙ አዲስ ሆኖ ግራው ከተኛ መኪናው ወደ ጎን ይወላገዳል። የመሃሉ ቡሎንና ዩ ቦልቶቹም በአዲስ ይለወጡ። ከበየደልሽ ጋራዥ ጋር አትጣዪ፣ የተበየደውን ብረት ግን ተቀብለሽ ውሰጂው፣ ሌላ ሰው መኪና ላይ እንዳይታሰር።